ኖራ የሌለበት መኖ

ላቦራቶሪ ውስጥ መጀመሪያ የተማርኩት ሙያ ዶሮ ማስራብ ነው። ይህን ስናገር የሚቆጣኝ ሰው አይጠፋም፤ ይቆጣ፣ አስውቤ የማቀርብበት ምክንያት የለኝም። የምናጠናው አጥንት የሚያፈርሱ ሕዋሳትን ነበር። በሰውም በከብትም በዶሮም አጥንት ውስጥ አሉ። ያረጀውን አጥንት እየቦረቦሩ ያነሣሉ፤ ሌሎች ሕዋሳት ተከትለው አዲሱን ይገነባሉ። በደህና ጊዜ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ፈልጎ ማግኘት አሳር ነው። በብዛት ለማግኘት ያኔ እኛ ዘንድ የነበረው መላ አንድ ብቻ ነው፤ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ይዞ ከመኖዋ ውስጥ ኖራውን፣ ካልሲየም የሚሉትን፣ ማውጣት።

ዶሮዋ የእንቁላሏን ቅርፊት የምትሠራው በኖራ ነው። ኖራው ሲያጥራት መጣሏን ወዲያው አታቆምም፤ ከገዛ አጥንቷ እየወሰደች ትጥላለች። አንድ ሁለት ሳምንት እንዲህ ከሰነበተች ጭኗ ውስጥ አጥንት አፍራሾቹ ይፈላሉ፤ ያኔ ትታረድና አጥንቷ ይከፈታል። ሌላው መኖዋ አይጓደልባትም። በቆሎውንም ስንዴውንም እስኪበቃት ትበላለች፤ ሆዷ ሞልቶ አጥንቷ ብቻ ይራባል። ያን ዓመት እኛ አገር እንዲህ ያለውን ረሃብ በደስታ የሚመርጥ ስንት ሰው እንዳለ እያሰብኩ ነበር መኖውን የምመዝነው።

አገሩ በረዶ የሚጥልበት፣ መንግሥታችን ወዳጅ ብሎ ከሚጠራቸው ሶሻሊስት አገሮች አንዱ ነው። አብዮቱ ነው የላከኝ ብል አልዋሸሁም፤ ከወሎ ቦረና ገጠር የወጣ የቄስ ልጅ በሌላ ዘመን እዚያ አይደርስም ነበር። ያው አብዮት ደግሞ አባቴ የሚያገለግሉበትን ደብር መሬት በአዋጅ ወስዶ፣ እሳቸውን በስተርጅና ሞፈር አስጨብጧቸዋል። ስለዚህ ልመርቀውም ልረግመውም ስነሣ አፌ ይያዛል። ቤታችን ከመካነ ሰላም ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ይርቃል። መካነ ሰላም ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ ዳዊት ደግሜ፣ ዲቁና ተቀብዬ፣ አባቴን ተከትዬ የቀደስኩ ልጅ ነኝ። ይህን የማነሣው ለኩራት አይደለም፤ በኋላ የሠራሁትን ስሕተት «አገሩን ስለማያውቅ ነው» የሚልልኝ ሰው እንዳይኖር ነው።

እናቴ ጾም አፍርሳ አታውቅም። በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ሁለት ልጆቿን ቀበረች፤ ከዚያ ወዲህ ከታዘዘው ጾም ላይ የራሷን ጨመረችበት። ጉልበቷ ግን ለጉድ ነበር። ግንድ የምትፈልጠው እሷ ናት። አባቴ መጥረቢያውን ሲያነሡ «ይተውት፣ እርስዎ የተፈጠሩት ለመስቀል ነው» ብላ ትቀማቸዋለች፤ እሳቸውም እየሣቁ ይሰጧታል። እኔ ከአገር ስወጣ የመጨረሻ ልጇን፣ ታናሽ እህቴን አርግዛ ነበር። አውቶቡስ ልሳፈር ወደ ደሴ ስሄድ፣ በዚያ ሆዷ ሻንጣዬን መካነ ሰላም ድረስ ተሸክማ ያደረሰችኝ እሷ ናት። ልቀበላት ብል «አንተ በመጽሐፍ የሰለለ ክንድህን ጠብቅ» አለችኝ።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በተከበረ በጥቂት ወራት ውስጥ የአባቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። ዶሮዎቹ ያሉበት ምድር ቤት ቆሜ ነው ያነበብኩት። «ዘመኑ ትንሽ ጠቦናል» ይላል። አባቴ «ትንሽ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አውቃለሁ። በመኝታ ቤታችን አዳራሽ ባለው ቴሌቪዥን የወሎን ሰው አይቼ ነበር፤ አብረውኝ የሚኖሩት የዚያ አገር ተማሪዎች እኔ ስገባ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ጀምረዋል። ከዚያ ስለ እናቴ ጻፉ። «እናትህን ወገቧንና ጭኗን ያማታል። ስትሄድ ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች፤ ከተቀመጠችበት ለመነሣት መሬቱን በእጇ ትገፋለች። ሕፃኗን ግን ታጠባለች፤ ጡቷ አልነጠፈም፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባው። በርዳታ የመጣ የወተት ዱቄት ደርሶናል። ሁዳዴ ሊገባ ስለሆነ ለፋሲካ ይሁን ብላ አስቀምጣዋለች።»

ደብዳቤውን አጥፌ ቀና ስል ኖራ የተከለከሉት ዶሮዎች ፊት ለፊቴ ናቸው። አሥረኛ ቀናቸው ነው። ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ይሄዳሉ፤ አንዷ ተነሥታ ውኃው ጋ መድረስ አቅቷት በክንፏ መሬቱን ትገፋለች። ከበስተጀርባዋ ያን ዕለት የጣለችው እንቁላል አለ።

ሐኪም አይደለሁም። ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አልፎ ሰው መመርመር እንደማይቻልም አውቃለሁ። ነገር ግን ያኔ አልተጠራጠርኩም፤ ዛሬም አልጠራጠርም። ስድስት ልጅ የወለደች፣ ያጠባች፣ የዓመቱን እኩሌታ ወተት የማትቀምስ ሴት፣ በዚያ ላይ እህል ጠፍቶ። ሕፃኗ ስትጠባ ወተቱ ከየት እንደሚመጣ በዚያ ምድር ቤት ውስጥ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም፤ በዶሮዎቹ ሳይቀር ተናድጄ ነበር።

በነጋታው ከተማሪዎች ምግብ ቤት የተጣለ የእንቁላል ቅርፊት ለቅሜ፣ በጠርሙስ ፈጭቼ፣ መነሣት ላቃታት ዶሮ ሰጠኋት። በማግሥቱም ሰጠኋት። በአራተኛው ቀን ቆመች። ደስታዬን የምነግረው ሰው አልነበረኝም እንጂ እንደ ሕፃን ነበር የፈነደቅሁት።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ሽበታም ሴትዮ ነበረች። የእያንዳንዷን ዶሮ እንቁላል ቅርፊት ውፍረት በየቀኑ በመለኪያ ትለካለች፤ ስለዚህ ለመያዝ ጊዜ አልፈጀብኝም። ወደ ምድር ቤቱ ጠርታኝ፣

«ይህቺን ማን አበላት?» አለችኝ።

«እኔ።»

«ለምን?»

በዚያን ጊዜ ቋንቋቸውን የምናገረው እየተንተባተብኩ ነው። «አሳዘነችኝ» አልኳት።

«የምታዝን ከሆነ ሥራውን በትክክል ጨርስ። አንዷን ስታድናት የሌሎቹን ሞት ዋጋ ታሳጣዋለህ» አለችኝ። ዶሮዋን ከጥናቱ አውጥታ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጠቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ልክ ነበረች፤ ልክ መሆኗ ነው ያበገነኝ።

የቀሩትን በቀናቸው አረድናቸው። የሥራው ደንብ ይህ ነው። የጭኑ አጥንት ወዲያው ወጥቶ በበረዶ ላይ ይቀመጣል። በመቀስ ለሁለት ሲሰነጠቅ ውስጡ እንደ ጥሩ ጨው የደቀቀ የአጥንት ፍርፋሪ አለ፤ እሱ ነው እንቁላል የሚሠራበት የኖራ ማከማቻ። ያንን በጠፍጣፋ ብረት ጠርጎ፣ በቀዘቀዘ ጨዋማ ፈሳሽ አጥቦ፣ በስስ ወንፊት ማጥለል ነው። አጥንት አፍራሾቹ ከሌላው ሕዋስ ሁሉ ግዙፍ ናቸው፤ የበርካታ ሕዋሳት ውሕድ ስለሆኑ ነው። ስለዚህ የተጣራውን በቱቦ አቁሞ ከተዉት ከሌሎቹ ቀድመው ይሰምጣሉ። ግማሽ ሰዓት መታገሥ፣ ላዩን መድፋት፣ የዘቀጠውን መያዝ። አንዲት ዶሮ ተርባ፣ ታርዳ፣ ተጠርጋ የምትሰጠው ነገር የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

ከዚያ የሚበሉት አጥንት ይቀርብላቸዋል። የበሬ ጭን አጥንት በዝግተኛ መጋዝ ተሰንጥቆ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ የሳሳ ቁራጭ ይሆናል። ይህን ቁራጭ ማሳሳት የኔ ሥራ ነበር። አባቴ ክረምት ክረምት ብራና ሲፍቁ አብሬ ስለፋቅሁ፣ እጄ የት ላይ መግፋት የት ላይ መተው እንዳለበት ያውቃል፤ ሴትዮዋ በሕይወቷ ያመሰገነችኝ በሱ ብቻ ነው። ሕዋሳቱን ቁራጩ ላይ አፍስሰን በሰውነት ሙቀት ልክ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ሁለት ቀን እንተዋቸዋለን። እነሱም አጥንቱ ላይ ተለጥፈው፣ ጠርዛቸውን ዙሪያውን ዘግተው፣ ከሥራቸው አሲድ ይለቃሉ። ሎሚ የተንጠባጠበበት እብነ በረድ እንደሚበላው አጥንቱ ይበላል። በሁለተኛው ቀን ሕዋሳቱን በብሩሽ ጠርገን ቁራጩን ሰማያዊ ቀለም ስንነክረው፣ ጉድጓዶቹ በማይክሮስኮፕ ወለል ብለው ይታያሉ። እነሱን መቁጠር ነው። ኖራ ከተከለከሉት ዶሮዎች የመጡት ብዙ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ኖራው ካልጎደለባቸው የመጡት ጥቂት። ያ ሁሉ ድካም የሚነግረን አንድ ነገር ነበር፤ እነዚህ ሕዋሳት የሚበዙት በረሃብ ነው።

ለእናቴ ደብዳቤ ልጽፍ የተቀመጥኩት ይህን አንድ ነገር ልነግራት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ደብዳቤ ማስረዳት አለብኝ። የተማሪዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር የኛው አገር ልጅ ነው፤ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ይሰበስበናል። በዚያ ሰሞን «ድርቅ» ማለት ይፈቀዳል፣ «ረሃብ» ማለት የጠላት ፕሮፓጋንዳ ነው ተብለናል። ደብዳቤ በሁለቱም ወገን እንደሚከፈት ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ጓደኛችን ለወንድሙ የጻፈው ተገኝቶበት ትምህርቱን አቋርጦ እንዲመለስ ተጠርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማንም። በሌላ በኩል አባቴ አሉ። በዚያን ጊዜ ገጠር የሚወጣ ካድሬ ሁሉ ከጾም ጋር ጠብ ነበረው። ጾም የአድኃርያን መሣሪያ ነው እያለ በሰንበት ሰው ይሰበስብ ነበር። እኔም ከባዕድ አገር ሆኜ «ጾም ይጎዳታል» ብዬ ብጽፍ፣ አባቴ ልጃቸውን እንደቀሟቸው ነው የሚቆጥሩት።

መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ነበር። «በአጥንትሽ ውስጥ አጥንት የሚበሉ ሕያዋን ነገሮች አሉ። በመርፌ የሚያጠፋቸው፣ በቢላ የሚያወጣቸው ሐኪም የለም። የሚበዙት በረሃብና በጾም ነው። የመጣውን ወተት ሳታቆዪ ጠጪ።» ሐኪም የለም ያልኩት በጭነት መኪና በዚያ መንገድ ደሴ ድረስ እንዳይወስዷት ፈርቼ ነው፤ መንገዱ ራሱ ይሰብራታል። ደግሜ ሳነበው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር አፈጠጠብኝ። «ረሃብ» መንግሥትን፣ «ጾም» አባቴን። ወረቀቱን ቀድጄ ያንን ዓረፍተ ነገር ትቼ ገለበጥኩት። የቀረው ይበቃታል አልኩ፤ ወተት ጠጪ ብያት የለ። ፖስታ ቤት ሄጄ ላክሁት።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ የደበቅሁት የለም። አንድ መስመር ነው፤ ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ሁዳዴ ገባ፤ ቀኑን በጣቴ እቆጥራለሁ። አዲስ ዶሮዎች መጡ፤ ግማሾቹን ኖራ ከለከልኳቸው። እኔም ሆን ብዬ መጾም ተውኩ። ወተት ስጠጣ እሷም አሁን እየጠጣች ነው እያልኩ ነበር። ሞኝነት ነው፤ ግን በሰው አገር ብቻውን የሚኖር ሰው ከዚህ የባሰም ያስባል።

መልሱ የመጣው ፋሲካ ካለፈ ብዙ ቆይቶ ነው። አባቴ በዚያ በሚያምር የብራና ጽሕፈታቸው፣ አንድ ቃል ሳይሰርዙ ሦስት ገጽ ጽፈዋል። ሙሉውን እዚህ አላሰፍረውም፤ የምችለውን ያህል ነው።

«የላክኸው ደብዳቤ በሁዳዴ እኩሌታ ደረሰን። የእናትህ የንስሐ አባት ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከሥጋ ውስጥ ገብቶ አጥንት የሚበላ፣ ሐኪም የማያወጣው፣ መርፌ የማይነካው ነገር ምን እንደሆነ ለእኛ የታወቀ ነው አሉ፤ እኔም አላጣሁትም። ስለ ወተቱ ያልኸውንም ተመካከርንበት። አሁን ብትጠጣ የሚበላት ነገር እሱኑ እየበላ ይፋፋል፤ አስቀድሞ በጾም ይድከም፣ በጠበል ይልቀቃት፣ ከዚያ በፋሲካ ጠጥታ ትጠገናለች አልን። ለፋሲካ ሌላ ይመጣል ብላ ወተቱን ለጎረቤት ሕፃናት ሰጠችው። ከገደሉ ሥር ካለው ጠበል ወርዳ ሁለት ሱባኤ ያዘች። ማታ ማታ አንድ እፍኝ ሽምብራ ብቻ ትቀምሳለች። ሕፃኗን ግን አልከለከለቻትም፤ እስከ መጨረሻው ቀን አጥብታታለች።

«በዐሥራ አራተኛው ቀን ተጠምቃ ከጠበሉ ድንጋይ ስትወርድ ጭኗ ተሰበረ። ወድቃ አይደለም የተሰበረው፤ ተሰብሮ ነው የወደቀችው። በቃሬዛ አወጣናት። ዘጠኝ ቀን ቆይታ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብላ፣ በሰሙነ ሕማማት ዐረፈች። ልጄ ሆይ፣ ነገሩን አስቀድመህ ባትገልጥልን ሳትዘጋጅ በድንገት ትሞትብን ነበር። አንተ ግን በባዕድ አገር ሆነህ እናትህን አሰብሃት። ተባረክ። በቅዳሴ ስምህን አነሣለሁ።»

ደብዳቤውን ሳነብ ማይክሮስኮፑ ፊት ነበርኩ። የጀመርኩትን ቆጠራ እስክጨርስ ድረስ አልተነሣሁም፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። አንድ ቁራጭ ጨርሼ ሌላውን አስገባሁ። ሴትዮዋ በኋላ ስታየኝ ምን ሆነሃል አለችኝ፤ እናቴ ሞተች አልኳት። ኮቷን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችብኝ፤ አገርህ ሂድ አለችኝ። ማኅበሩን ፈቃድ ጠየቅሁ። ሊቀመንበሩ አጽናናኝ፣ ፈቃዱ ግን የለም አለኝ፤ ደግሞም በምን ሞተች ብሎ ጠየቀኝ። «በድርቅ» አልኩት። ቃሉን ከአፌ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ተስማምተን ተለያየን። ያኔ ልመታው እጄን ጨብጬ ነበር፤ ግን ከሱ በምን እሻላለሁ?

ከዚያ በኋላ ለወራት የማስበው አባቴን ነበር። በሳቸው ልፈርድ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ረሃብ ሕዋሳቱን እንደሚያበዛቸው ያልተነገረው ሰው ሌላ ምን ያስብ? የሚበላህን ነገር ታስርበዋለህ። ጠበል ሄዶ የሚጾም ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ብዙዎችም ድነው ሲመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ «የሚበሉ ሕያዋን ነገሮች» ብዬ የጻፍኩ ቀን ጠላት አድርጌ ነው የሳልኳቸው። ጠላት አልነበሩም። ደም ውስጥ ኖራ ሲያንስ ልብ ትቆማለች፤ ልቧ እንዳትቆም፣ ጡቷም እንዳይደርቅ ጎተራውን ከፍተው የሚያወጡ የራሷ አገልጋዮች ነበሩ። ይህን በቀላል አማርኛ መጻፍ እችል ነበር። ዲያቆን ነኝ፤ ጠበል እንዴት እንደሚሠራ የማውቅ ልጅ ነኝ። ማን ነግሮኝ ነው የማውቀው እንዳልል፣ መጥመቂያውን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ።

ወደ አገር የተመለስኩት ከአራት ዓመት በኋላ በክረምት ነው። ከደሴ የጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ፣ ጭቃው ሁለት ቀን አቁሞን መካነ ሰላም ደረስኩ። በየመንገዱ ያልታረሰ ማሳ ነበር፤ ባለቤቶቹ በሰፈራ የተወሰዱ ወይም የተቀበሩ ናቸው። አባቴ ጎብጠዋል። ጉልበታቸውን ስስም ራሴን ይዘው ረጅም ጊዜ ለቀቅ አላደረጉኝም። ታናሽ እህቴ ስድስት ዓመት ሊሆናት ነው፤ እግሯ ቀጥ ያለ፣ ጥርሷ እንከን የሌለበት ልጅ ሆናለች። እሷን ማየት አስደሰተኝም አሳመመኝም፤ ዘወር ብዬ አለቀስኩ። አባቴ በናፍቆት መሰላቸው።

እህቴን ያሳደገቻት አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ ናት። የራሷም ጨቅላ አላት። እንደ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «ወላሂ» ማለት ትወዳለች፤ አባቴ ሲቆጧት «ለምዶብኝ ነው» ትላለች። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ ጨቅላዋን እንደታቀፈች፣ አባቴ ይዘዋት ገቡ። ከመግባቷ በፊት በበሩ አካሄዷን አየሁት፤ ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች።

«ለእናትህ እንዳየህላት ለሷም እይላት» አሉኝ።

አክስቴ መሬቱን እየደገፈች ተቀመጠች። «ጭኔን ነው። እንደ እትዬ ሊያደርገኝ ነው መሰለኝ። ፍልሰታ ሲገባ ጠበሉ ልወርድ አስቤአለሁ። ወላሂ ውኃውን አልፈራውም፤ ሕፃኑን ይዤ ገደሉን መውረዱ ነው የከበደኝ።»

«አትውረጂ» አልኳት።

«እንዴ፣ ለምን?»

አባቴ ያዩኛል። ፊታቸው ላይ በእኔ ያላቸው ኩራት ነበረ። ዝም ብዬ ሰበብ ልፈጥር እችል ነበር፤ መንገዱ ክፉ ነው፣ ክረምት ነው፣ ሌላ ጊዜ ሂጂ። ግን እንደዚያ ብል ክረምቱ ሲወጣ ትሄዳለች። «ወተት ነው የሚያስፈልግሽ። እንቁላልም ካገኘሽ። ዛሬ ጀምሪ፤ ፍልሰታም ሲገባ እንዳትተዪ» አልኳት።

«ለእናትህ የነገርኸን ግን…» አሉ አባቴ።

«ለእናቴ ያልነገርኳችሁ ነገር ነበር፣ አባቴ። እነዚያ አጥንት የሚያፈርሱት ነገሮች በረሃብ ነው የሚበዙት። በጾምም። ሰው ባስራባቸው መጠን ይበዛሉ እንጂ አይደክሙም። እኔ ጋ ዶሮዎቹን የምናስርበው እንዲበዙልን ብለን ነው።»

ሕፃኑ ይጠባል። አክስቴ አንዴ እኔን አንዴ አባቴን ታያለች።

«ያኔም ታውቀው ነበር?» አሉኝ።

«አውቀው ነበር። ጽፌው ነበር። ፈርቼ ሰረዝኩት።»

ማንን ፈርተህ ብለው አልጠየቁኝም። ከተቀመጡበት በዝግታ ተነሡና መስቀላቸውን አወጡ። የድሮው የንስሐ አባት ካረፉ ወዲህ የመንደሩ ሰው ንስሐ በሳቸው ላይ ነው። የአክስቴን ግንባር በመስቀሉ ነኩ።

«ፈትቼሻለሁ። ፍልሰታንም፣ ነቢያትንም፣ ሁዳዴንም። ልጁን ጡት እስክታስጥዪው ድረስ ጠጪ» አሏት። ድምፃቸው አልተለወጠም። አክስቴ መስቀሉን ተሳልማ፣ መሬቱን እየገፋች ተነሥታ፣ ወተት ፍለጋ ወጣች።

አባቴ መደቡ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ።

«እናትህ መሄድ አቅቷት ነበር» አሉ። «እሷ አልወርድም ብላኝ ነበር፤ ደክሞኛል፣ ይቅርብኝ ብላ ለመነችኝ። እኔ ነኝ በጀርባዬ አዝዬ ያወረድኳት።»